የኳስ ሜዳው ይከለል፤ ውድድሩም ሥርዓት ይያዝ

ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አዴት፣ በጤፍ፣ በስንዴና በድንች ምርታቸው ለታወቁት የይልማና ዴንሳ ወረዳ ገበሬዎች ዋና መገበያያ ናት። በዚህ ወረዳም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉት የምዕራብ ጎጃም ገጠሮች፣ እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ ወጣቱ በብዛት የሚሰበሰበው በኳስ ሜዳ ነው።

መንደር ከመንደር ተጋጥሞ ኳስ መጫወት ለገጠሩ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶች በገና በዓል ከታጨደው ማሳ ላይ ወጥተው፣ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር ሲመቱ ኖረዋል። በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ይሰለፉ ነበር። የዛሬው ወጣት የያዘው እግር ኳስ ከዚህ የሚለየው ጨዋታው በአንድ ቀን በዓል አለመወሰኑና ቡድን፣ ሜዳ፣ ዳኛና የውድድር ፕሮግራም የሚፈልግ መሆኑ ነው። እነዚህን አራት ነገሮች ለማሟላት ደግሞ የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ድርሻ ከማንም የሚበልጥ ነው።

በአምስት ቡድን የተጀመረ ሊግ

የኢትዮጵያ እግር ኳስ አጀማመር ለገጠር ቀበሌዎች ትምህርት የሚሰጥ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሳተፉት አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ እነዚህም ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። ውድድሩ በዚህ መጠን ተጀምሮ 18 ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የፕሪሚየር ሊግ ውድድር በ1990 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. ክለቦቹ ባለድርሻ የሆኑበት የሊግ አክሲዮን ማኅበር ተቋቁሟል። ከክልሉ ክለቦች ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኗል። የባሕር ዳር ክለብ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ወጥቶ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በቅቷል። ክለቦቹ ተጫዋች የሚያገኙት ከየአውራጃው ሜዳ እንጂ ከሰማይ አይወርድላቸውም። ታች ያለው ሜዳ ከጠፋ ላይ ያለው ስታዲየም ባዶ መቅረቱ አይቀርም።

ጥሎ ማለፍ ወይስ ዙር?

በብዙ ቀበሌዎች የተለመደው ውድድር ጥሎ ማለፍ ነው። ዋንጫና በግ ይዘጋጃል፣ ስምንት ቡድን ይመዘገባል፣ በ7 ጨዋታ ነገሩ ያልቃል። በዚህ አካሄድ ግን ከስምንቱ ቡድኖች አራቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አንድ ሽንፈት የዓመቱን ተስፋ ስለሚዘጋ፣ ተጫዋቹና ደጋፊው በዳኛው ላይ የሚያነሡት ቁጣ የከረረ ይሆናል። ጠቡም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በዙር የሚካሄደው የሊግ ውድድር ግን እያንዳንዱን ቡድን ከሁሉም ጋር ያገናኛል። ስምንት ቡድኖች አንድ ጊዜ ሲገናኙ 28 ጨዋታ ይሆናል። በየእሑዱ አራት ጨዋታ ቢደረግ በ7 ሳምንት ይጠናቀቃል። አምስት ቡድኖች ብቻ ከተገኙም 10 ጨዋታ ይበቃል፤ በየሳምንቱ አንዱ ቡድን ያርፋል። ዛሬ የተሸነፈ በሚቀጥለው እሑድ ነጥቡን ማካካስ ስለሚችል ለጠብ የሚቸኩልበት ምክንያት ይቀንሳል።

በዕድሜ የገፉት መሪዎች የሚያስታውሱት ለአሸናፊ 2 ነጥብ የሚሰጥበትን ጊዜ ነው። ፊፋ በ1986 ዓ.ም. በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ካዋለው ወዲህ ግን ለአሸናፊ 3፣ አቻ ለወጡ ለእያንዳንዳቸው 1 ነጥብ መስጠት በዓለም የተለመደ ሆኗል።

ፕሮግራሙ ከእርሻው ሥራ ጋር መጣጣም አለበት። ከጥምቀት በኋላ በሚገኘው እሑድ ተጀምሮ ሰባት ሳምንት የሚፈጅ ውድድር፣ መውቂያውን ሳያውክ፣ ለሚቀጥለው ዘር የሚደረገው እርሻም ሳይጠናከር ይጠናቀቃል። ጨዋታው ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን፣ ዐቢይ ጾም በሚገባባቸው ሳምንታትም ምን ሊደረግ እንደሚገባ ከካህናትና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል።

ሜዳ የሌለው በአገሩ እንግዳ ነው

በኅዳር 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈው ባሕር ዳር ላይ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ በመታጣቱ፣ ቡድኑ የራሱን ሜዳ ጨዋታ በሰው አገር ለማካሄድ ተገደደ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ የተጫወተው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ያን የመሰለ ድል በገዛ ሜዳው ሆኖ ሊያየው አልቻለም።

የቀበሌውም ነገር ከዚህ አይርቅም። የግጦሽ መሬት እየተሸነሸነ፣ ባሕር ዛፍም እየተተከለበት ሲሄድ ቀድሞ የሚጠፋው ባለቤት የሌለው የመጫወቻ መስክ ነው። መሬት ለሌለው ወጣት የእርሻ ቦታ መፈለግ፣ ለከብቱም ግጦሽ መተው ተገቢ ነው፤ ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ነገር ግን አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ቢለካ ከሦስት አራተኛ ሄክታር በታች ነው። ለተመልካች መቆሚያ ሲጨመርበት አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ ያህል ይበቃዋል። ሕጉ 90 ሜትር በ45 ሜትር የሆነውንም ሜዳ ይቀበላል። ጨዋታ በሌለበት ቀን ከብት ሊግጥበት ስለሚችል፣ መሬቱን ለኳስ መተው ከግጦሽ ፈጽሞ መንጠቅ ማለት አይደለም።

ስለዚህ መሪዎች ሜዳውን በሕዝብ ስብሰባ አስወስነው፣ በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ በኩል ወሰኑን አስለክተው በወል ይዞታነት ማስመዝገብ ይገባቸዋል። በቃል የተሰጠ ሜዳ መሪው ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። የቀረው ብዙ ወጪ የለውም፤ ግቡ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሆኖ ከባሕር ዛፍ ሊሠራ፣ መሥመሩም በኖራ ወይም በአመድ ሊሰመር ይችላል።

መዝገብ፣ ዳኛና ሒሳብ

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የየቡድኑ ተጫዋቾች ስም በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል። አንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ለአንድ ቡድን ብቻ ይሰለፋል። በመዝገብ የሌለ ሰው ያሰለፈ ቡድን ምን እንደሚደርስበት፣ ሰዓት አሳልፎ የመጣም በስንት ደቂቃ ፎርፌ እንደሚሰጥበት ቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት። ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለአንዱ ወገን የወጣ መስሎ ይታያል።

ለዳኝነት የትምህርት ቤት መምህራን ሊረዱ ይችላሉ። ዳኛው ከሁለቱ ተጋጣሚ ቀበሌዎች ያልሆነ ቢሆን ይመረጣል። ከሜዳው ዳርም ከሁለቱም ወገን የተከበሩ ሽማግሌዎች ቢቀመጡ ነገሩ ከመክረሩ በፊት ይበርዳል። ገንዘቡን በሚመለከት፣ ሕዝቡ ዕድሩን የሚያስተዳድርበት ልማድ ይበቃል፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመርጠው፣ መዋጮው በደረሰኝ ተሰብስቦ፣ በመጨረሻው ቀን ሒሳቡ በሕዝብ ፊት ይነበባል።

ሴቶች ልጆችም ከዚህ ሊቀሩ አይገባም። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ የብሔራዊ ቡድኑ ግንባር ቀደም አጥቂ ለመሆንና በማልታ አገር ክለብ ውስጥ ለመጫወት የበቃችው የምትጫወትበት ሜዳ በማግኘቷ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊግ ሰላም ይፈልጋል። በትግራይ ጦርነት ሳቢያ ሦስት የክልሉ ክለቦች በ2013 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ውጭ ሆነዋል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ግጭት ከቀበሌ ቀበሌ መሄድ የሚያሰጋበት ጊዜ ብዙ ነው። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ ወጣቱን ለጨዋታ ማንቀሳቀስ አይገባም፤ እስከዚያው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ጎጥ ከጎጥ እያጋጠሙ ልምዱን ማቆየት ይቻላል።

አዋቂ ገበሬ ዘሩን የሚመርጠው በመኸር፣ ዝናቡ ገና ሩቅ ሳለ ነው። የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ሰላሙ ሲሰፍን ወጣቱ ወደ ሜዳ እንዲወጣ ከፈለጉ፣ ሜዳውን መከለልና ደንቡን መጻፍ ያለባቸው ዛሬ ነው።