በልቶም ስኳሩ የሚወርድበት ልጅ

ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ በልቶም ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ከወረደበት፣ ሆዱ ከተነፋና ቁመት አልጨምር ካለ፣ ጥፋቱ የመርፌው ላይሆን ይችላል። ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለ። በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ሰበብ የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን ያጠቃል። ምግቡ በደንብ አይመጠጥም፤ ኢንሱሊኑ ግን ሥራውን አይተውም።

ሴሊያክ ከዓይነት 1 ስኳር ጋር በዘር የሚጋሩት መነሻ አላቸው። በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ገደማ ሴሊያክ ሲኖርበት፣ ዓይነት 1 ስኳር ካለባቸው 100 ሰዎች ግን ወደ 6 ይጠጋሉ።

እንፍራንዝ ላላችሁ፦ ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የለውም። የሚያስቸግረው ገብስ የተቀየጠበት እንጀራ፣ በሶው፣ ቆሎው ነው (ወፍጮ ቤት ስንዴ ተፈጭቶ ወዲያው የሚገባው ጤፍም አይታመንም)። ብቻ ሳይመረመር ስንዴና ገብስ አታስተዉት፤ የደም ምርመራው ሕመሙን ሊስተው ይችላል። ጎንደር ለክትትል ስትወስዱት ሐኪሙን ስለ ሴሊያክ ጠይቁ፤ እስከዚያ ኢንሱሊኑን በራሳችሁ አትቀንሱ።