ቀስ በቀስ ሃያ ማይል በእግራችን

(ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

«ኢትዮጵያዊ ነህ? እንግዲያው ሯጭ ነሃ!»

ይህችን አባባል ሳይሰማት የቀረ በውጭ አገር የሚኖር አበሻ ያለ አይመስለንም። ታክሲ ውስጥ ይሁን ሆስፒታል፣ አገራችንን የጠየቀን ፈረንጅ መልሱን ሳንጨርስለት አበበ ቢቂላን ወይም ኃይሌ ገብረሥላሴን ያነሳብናል። እኛም ደረታችንን ነፋ አድርገን «አዎን» እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን ያኔ አብዛኞቻችን ከመኪናችን እስከ ቤታችን በር ካለው ርቀት በላይ አንራመድም ነበር። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ መዋል፣ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማደር፣ በሁለት ሥራ መሃል ያገኙትን መጉረስ፤ የስደት ኑሮ እንዲህ ነው። ደም ግፊትና ስኳርም በር ሳያንኳኩ ይገባሉ።

እኛን ወደ ጫካ ያስገባንም ይኸው ነው። በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ታክሲ ነጂ፣ ሐኪማቸው «ወይ ይንቀሳቀሱ ወይ መድኃኒት እንጨምር» ሲላቸው ከጆርጅታውን ተነስቶ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚሄደውን የአፈር መንገድ መራመድ ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ አንዱን ይዘውት ሄዱ፤ በሳምንቱ ሌላ ተጨመረ። ርምጃው ሶምሶማ፣ ሶምሶማውም ሩጫ ሆነ። ዛሬ ሰባት ነን፤ ከመካከላችን አንዷ ነርስ ናት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ሁለት ማይል ያስለከለከን ሰዎች አሁን ሃያ ማይል ሮጠን ቁርስ እንበላለን።

ውድ አንባቢያን፣ ፍጥነታችንን አትጠይቁን። ዱላ የያዙ አዛውንት ፈረንጆች አልፈውን ሄደው ያውቃሉ። ሕጋችን አንድ ነው፦ እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃልና ቀዝቀዝ በል። አገር ቤት እንጦጦና ሱሉልታ ላይ አትሌቶቻችን በባህር ዛፉ መሃል አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ በሰልፍ ሲሮጡ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከፊት ያለው ድንጋዩንና ሥሩን ያይልሃል፤ ያንተ ሥራ እግሩን መከተል ብቻ ነው። እኛም ተራ በተራ እንመራለን።

ስንቃችን ያው የአባቶቻችን ስንቅ ነው። ፈረንጁ በላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ ሲመጥ፣ እኛ በማርና በትንሽ ጨው የተበጠበጠ በሶ እንጠጣለን፣ ቆሎ እንቆረጥማለን። በረመዳን አንዱ ወንድማችን አይሮጥም፤ ግን መጀመሪያዋን ማይል አብሮን ተራምዶ ይመለሳል። ነርሷ እህታችን ደግሞ ውሃ የሚያበዛ ሰው ስታይ ትቆጣለች። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶንን ከሮጡት 488 ሰዎችን ያጠኑ ሐኪሞች፣ በ13 በመቶዎቹ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ አግኝተውታል፤ ዋናው ምክንያትም ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። «ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ሳይጠማችሁ አትጋቱ» ትለናለች።

የምንሮጥበት መንገድም ታሪክ አለው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1828 የተጀመረው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ፣ በበቅሎ የሚጎተቱ ጀልባዎች እስከ 1924 ድረስ ዕቃ ሲያመላልሱበት የኖረ ነው። ዛሬ እኛ የምንረግጠው በቅሎዎቹ የረገጡትን ነው፤ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ይሆናል። በ1954 ቦታውን የመኪና መንገድ ለማድረግ ሲታሰብ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ሃሳቡን ደገፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ግን «ኑና አብረን በእግራችን እንሂድበት» ብለው የጋዜጣውን ጸሐፊዎች ጋበዙ። ጸሐፊዎቹም መጡ። ስምንት ቀን በፈጀው ጉዞ ሙሉውን መንገድ በእግራቸው የጨረሱት ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋዜጣው ግን ሃሳቡን አሻሻለ፤ ቦታውም በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የተከራከሩ ሰዎች አንድ መንገድ ላይ አብረው ሲያልባቸው የሚሆነውን እኛም በዓይናችን አይተናል።

ከሰባታችን ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረው ያደጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ሲነሳ ግን ተለያዩ። በስልክ የማይባል ነገር ተባባሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ይመጣሉ፤ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ፣ በመሃል እኛ። ያንደኛው እናት አገር ቤት ሲያርፉ ሁላችንም ለቅሶ ስንደርስ እሱ ቀረ። ያን ቀን በሩ በተከፈተ ቁጥር ሐዘንተኛው ቀና ይል እንደነበር አስተውለናል። በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረምም የነሱ ኩርፊያ አልተፈታም።

በ2023 መኸር፣ ለለውጥ ብለን ወደ ሜሪላንድ ተራራ ወጣን። ከጆርጂያ እስከ ሜይን ከ2,190 ማይል በላይ የሚዘልቀው የአፓላቺያን መንገድ በሜሪላንድ 40 ማይል ያህል ያልፋል። ዛፎቹ ላይ የተቀባውን ነጭ ምልክት እየተከተልን ከጋትላንድ ተነሳን። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1896 የተሠራ ትልቅ የድንጋይ ቅስት ቆሟል፤ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ለዘገቡ ጋዜጠኞች መታሰቢያ ነው። በሴፕቴምበር 14 ቀን 1862 በዚያው በር ላይ ውጊያ ተደርጓል። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ በአቅራቢያው አንቲታም ላይ በአንድ ቀን ብቻ 23,000 ያህል ሰው ሞቷል፣ ቆስሏል ወይም የገባበት ጠፍቷል። ሁላችንም ጽሑፉን አነበብን። ማንም ምንም አላለም።

ወደ ዌቨርተን ሦስት ማይል ያህል ሲቀረን፣ ከፊት የነበረው ሐዘንተኛው ወዳጃችን ቅጠል በሸፈነው ድንጋይ ላይ አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ነርሷ በሻርፕ አሰረችለት፤ እግሩን መርገጥ ግን አልቻለም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ የሚደግፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን ቀድሞ ይያዘው ስንባባል ከኋላ የነበረው ደረሰ። ቦርሳውን ለኛ ሰጠና ትከሻውን ከሥሩ አስገባ።

አንድ ማይል ያህል ዝም ብለው ሄዱ። «ልቀይርህ» ስንለው «ተዉኝ» ይላል። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «እማማ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ አልደረስኩህም። ድፎ ዳቧቸውን በልቼ አድጌ!» አለ።

«ጠብቄህ ነበር» አለው ያኛው።

ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኛም ከኋላ ሆነን ዛፍ የምንቆጥር መስለን ተከተልን። ያቺን ሦስት ማይል ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብን። በማግስቱ እሁድ፣ ያ ወዳጃችን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ የቀረበትን ለቅሶ ደረሰ።

ታረቁና በሁሉ ነገር ተስማሙ ብለን አንዋሻችሁም። በፖለቲካ ዛሬም አይገናኙም። ያወጣነው ደንብ ግን አለ፤ እስከ አሥረኛው ማይል ድረስ ፖለቲካ ክልክል ነው። ከአሥረኛው በኋላ የፈለገ ያንሳ፤ ለመጮህ የሚተርፍ ትንፋሽ ያለው የለም።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ የትም ከተማ ብትኖሩ ጫካ ወይም የወንዝ ዳር አይጠፋም። መድኃኒት ላይ ያላችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ጥሩ ጫማ ግዙ፤ በባዶ እግር መሮጡን ለአበበ ቢቂላ ተዉለት። አንድ ማይል እየተራመዳችሁ ጀምሩ፤ ብቻችሁን ግን አትሂዱ። ካኮረፋችሁት ሰው ጋር ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ነው።

የጋሼ ሐኪም መድኃኒቱን አልጨመሩባቸውም። እሳቸውም ሰሞኑን አንድ ተሳፋሪ «ኢትዮጵያዊ ነዎት? ሯጭ ነዎት ማለት ነው!» ሲላቸው፣ ሳያፍሩ «አዎን፣ ቅዳሜ ሃያ ማይል ሮጬ ነበር» ብለው መለሱለት። ተሳፋሪው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ቸር እንሰንብት።