«አቋም መለኪያ» ምን ይለካል? የቅድመ ውድድር ውጤትና የተጫዋች ምዘና

በአያት ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል፤ ንዑስ ርእሶቹ በኋላ የተጨመሩ ናቸው።



የዛሬውን ርእስ የሰጡኝ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ናቸው። ክረምቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብና የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ዝግጅት ሲጀምሩ፣ እገሌ የተባለ ቡድን ከእገሌ ጋር «የአቋም መለኪያ ጨዋታ አደረገ» ሲባል እንሰማለን። ትኩረቴን የሳበው «መለኪያ» የሚለው ቃል ነው። የእህል ነጋዴው ሚዛን መለኪያ ነው፤ የሐኪሙ ቴርሞሜትርም መለኪያ ነው። አንድን ነገር መለኪያ ለማለት ግን ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። አንደኛ፣ የሚለካው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ያንኑ ነገር ደግመን ብንለካው የምናገኘው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር ይቀራረባል ወይ? የአቋም መለኪያ ጨዋታ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲፈተን ምን እንደሚሆን ነው ዛሬ አብረን የምንመረምረው።

ነገሩ ለወሬ ያህል የሚነሣ አይደለም። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ውል ይፈረማል፤ ተጫዋች ይሰናበታል፤ ለሙከራ የመጣ ወጣት ይያዛል ወይም ይመለሳል። እዚህ አያት በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ባሉት ክፍት ቦታዎች ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች አንዱ ነገ የሙከራ ዕድል ቢያገኝ፣ የሚዳኘው በዚሁ መለኪያ ነው።

የሁለት አገሮች የዝግጅት ወቅት

ይህን ጥያቄ በቁጥር አብዝተው ከመረመሩት መካከል የአሜሪካ ቤዝቦል አጥኚዎች ይገኛሉ። ጨዋታው በእኛ ዘንድ ብዙም ስላልተለመደ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ለመምታት ይሞክራል። የመቺው የቆየ መመዘኛ፣ ካገኛቸው የመምታት ዕድሎች ስንቱን በተሳካ ምት ደመደመ የሚለው ነው። 0.300 ያስመዘገበ፣ ማለትም ከ10 ዕድል 3ቱን ያሳካ፣ በጣም ጥሩ መቺ ይባላል።

በየዓመቱ በየካቲት ወር 30ዎቹ የሜጀር ሊግ ክለቦች ለሁለት ተከፍለው፣ 15ቱ በአሪዞና፣ 15ቱ በፍሎሪዳ ይሰበሰባሉ። ይህ «የፀደይ ልምምድ» የሚባለው ወቅት 30 ያህል የዝግጅት ጨዋታዎች አሉት። ከዚያ በኋላ 162 ጨዋታ ያለው መደበኛ ውድድር ይከተላል። ቋሚ ተሰላፊ የሆነ መቺ በልምምዱ ወቅት ከ50 እስከ 60 ጊዜ፣ በመደበኛው ውድድር ግን 600 ጊዜ ያህል ለመምታት ይቆማል። ልዩነቱ በብዛት ብቻ አይደለም። በፀደይ ልምምድ አንጋፋው ወርዋሪ አዲስ አወራወር እየሞከረ ስለሆነ፣ ቢመታበትም ግድ አይሰጠውም። ጨዋታው ሲጋመስ ዋነኞቹ ተሰላፊዎች ይወጡና ከታችኛው ሊግ የመጡ ወጣቶች ይገባሉ። ስለዚህ አንዱ መቺ የኮከብ ወርዋሪ ኳስ ሲገጥመው፣ ሌላው የጀማሪ ኳስ ይገጥመዋል።

ወደ እኛ እንመለስ። የኢትዮጵያ ክለቦች ዝግጅት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን ነው። የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫም ብዙ ጊዜ ከሊጉ መክፈቻ ቀደም ብሎ ስለሚካሄድ፣ ለዋና ከተማው ክለቦች የዝግጅቱ አካል ሆኖ ይቆጠራል። አሰልጣኙ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ቡድን፣ በሁለተኛው ሌላ ቡድን ያሰልፋል፤ የመስመር ተከላካዩን አማካይ አድርጎ ይሞክራል፤ ተጋጣሚው አንድ ጊዜ የሊግ ክለብ፣ ሌላ ጊዜ የታችኛው እርከን ቡድን ይሆናል። የጨዋታው ዓላማ ማዘጋጀት ነው። ውጤቱን ለመመዘኛነት የምንጠቀምበት ግን ለዚህ ዓላማ እንዳልተሠራ ዘንግተን ነው።

የአራት ጨዋታ ሒሳብ

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ በቁጥር እንየው። ሁለት አጥቂዎችን አስቡ። የመጀመሪያው እውነተኛ ችሎታው በአማካይ በ2 ጨዋታ 1 ጎል ነው። ሁለተኛው በአማካይ በ4 ጨዋታ 1 ጎል ያስቆጥራል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን እኛ እናውቃለን፤ አሰልጣኙ ግን አያውቅም። ሁለቱንም በ4 የአቋም መለኪያ ጨዋታዎች ይመለከታቸዋል።

ስታትስቲክስ የተማራችሁ የፖዋሶን ስርጭትን ተጠቅማችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። የተሻለው አጥቂ በ4ቱ ጨዋታዎች 2 ጎል እንዲያስቆጥር እንጠብቃለን። ነገር ግን ከ7 ጊዜ 1 ጊዜ ያህል ምንም ጎል ሳያስቆጥር ይጨርሳል። እንደዚሁም ከ7 ጊዜ 1 ጊዜ ያህል 4 ወይም ከዚያ በላይ ያስቆጥራል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው፤ ችሎታውም አልተለወጠም። በአንደኛው አጋጣሚ «አቋሙ ወርዷል»፣ በሌላው «በአስደናቂ ብቃት ላይ ይገኛል» እንላለን።

ሁለቱን ስናወዳድርስ? ደካማው አጥቂ ከ100 ጊዜ 18 ጊዜ ያህል ከተሻለው የበለጠ ጎል ያስቆጥራል፤ 21 ጊዜ ያህል ደግሞ እኩል ይሆናሉ። በሌላ አነጋገር፣ አንዱ ከሌላው በእጥፍ እየበለጠ እንኳ፣ ከ10 ጊዜ 4 ጊዜ ያህል የጎል ቆጠራው የትኛው እንደሚሻል አይነግረንም ወይም ያሳስተናል። 16 ቡድኖች ያሉት ሊግ 30 ጨዋታዎች አሉት። በ30 ጨዋታ ግን ይህ የመሳሳት ዕድል ከ10 ጊዜ ከ1 በታች ይወርዳል።

አሁን ደግሞ 20 አጥቂዎች ለሙከራ መጡ እንበል፤ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ሁሉም በአማካይ በ2 ጨዋታ 1 ጎል ያስቆጥራሉ። በ4 ጨዋታ ውስጥ ከእነርሱ ቢያንስ አንዱ 5 ወይም ከዚያ በላይ ጎል የማስቆጠሩ ዕድል ከ3 ጊዜ 2 ጊዜ ያህል ነው። ያንን ተጫዋች «የዘመኑ ግኝት» ብለን እናስፈርመዋለን። ውድድሩ ሲጀመር ወደ ተለመደ አማካዩ ይመለሳል። ያን ጊዜ «ተኩራራ»፣ «ገንዘብ አበላሸው» እንላለን። የሆነው ግን ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 በወላጆችና በልጆች ቁመት ላይ ያሳየው ወደ አማካይ የመመለስ ክስተት ነው። ለዚህ የጠባይ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

የክሌሜንቴና የመንሰን 45 ዕድሎች

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስሌት እንዳይመስላችሁ፣ በስታትስቲክስ ታሪክ የታወቀ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ብራድሊ ኤፍሮንና ካርል ሞሪስ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ የ1970ን የቤዝቦል ውድድር መነሻ አድርገው 18 መቺዎችን መረጡ። የእያንዳንዱን የመጀመሪያ 45 የመምታት ዕድል ተመለከቱ። ቁጥሮቹ ከመደበኛው ውድድር የተወሰዱ ናቸው፤ ብዛታቸው ግን አንድ መቺ በፀደይ ልምምድ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል።

ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ከ45ቱ 18ቱን አሳክቶ በ0.400 ከሁሉም ይቀድም ነበር። ተርማን መንሰን የተባለው ወጣት 8 ብቻ አሳክቶ በ0.178 ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። በቀሪው የውድድር ዘመን ክሌሜንቴ 0.346፣ መንሰን ደግሞ 0.316 አስመዘገቡ። በመጀመሪያ እጅግ ሰፊ የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። መንሰንም በዚያው ዓመት የአሜሪካን ሊግ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። በ45 ዕድል ተመዝኖ ቢሰናበት ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ኤፍሮንና ሞሪስ ያሳዩት መፍትሔ ቀላል ሐሳብ አለው። የእያንዳንዱን ተጫዋች ቁጥር እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ ወደ ቡድኑ አማካይ፣ ማለትም ወደ 0.265፣ በብዙ ሳቡት። የክሌሜንቴ 0.400 ወደ 0.290 ወረደ፤ የመንሰን 0.178 ወደ 0.247 ገደማ ወጣ። በዚህ ዘዴ የ18ቱ መቺዎች አጠቃላይ የትንበያ ስሕተት፣ በካሬ ሲለካ፣ ከ3 እጥፍ በላይ ቀነሰ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ለመንሰን ዘዴው ስሕተቱን በግማሽ ቀነሰለት። ለክሌሜንቴ ግን አልጠቀመውም፤ 0.290 ከእውነተኛው 0.346 በታች ቀርቷል። ለምን? ቀመሩ ክሌሜንቴ ማን እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። ክሌሜንቴ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ የብሔራዊ ሊግ የምት ቀዳሚ የሆነ አንጋፋ ተጫዋች ነበር። የቀደመ መዝገቡን የሚያውቅ ሰው ወደ ተራው አማካይ ሳይሆን ወደ ራሱ ወደ ክሌሜንቴ የቆየ አማካይ ይስበው ነበር። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ አጭር ምዘና ትርጉም የሚያገኘው ከረጅም መዝገብ ጎን ሲቀመጥ ነው።

ሜዳው፣ ከፍታውና አየሩ

የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለትም የሚለካው ምንድን ነው የሚለውን፣ ባጭሩ ላንሣ። በአሪዞና ደረቅና ሞቃት አየር ኳስ ርቃ ስለምትሄድ የመቺዎች ቁጥር ከፍ ይላል። በእኛ አገር ይህ ችግር ይበልጥ ይሰፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ላይ ትገኛለች፤ ሙቀቷንም ታውቁታላችሁ። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተራ በተራ ተካሂደዋል። በጳጉሜን ብርድና ጭቃ የተመዘነ ተጫዋች በድሬዳዋ ፀሐይ እንደዚያው እንዲሆን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። የለካነው ተጫዋቹን ብቻ አይደለም፤ ጭቃውን፣ ቀጭኑን አየርና የተጋጣሚውን ድክመትም አብረን ለክተናል።

ታዲያ ምን እንለካ?

ይህን ስል የዝግጅት ጨዋታ ምንም አይነግረንም ማለቴ አይደለም። ከውጤት ይልቅ በተደጋጋሚ የሚታየውን ነገር መቁጠር ይሻላል። በቤዝቦል የወርዋሪው ኳስ ፍጥነት በጥቂት ውርወራዎች ይታወቃል። መቺው ሳይመታ የሚወጣበት መጠንም ከ60 ያህል ሙከራ በኋላ በመጠኑ የሚታመን ይሆናል፤ የተሳካ ምት ሬሾ ግን እጅግ ብዙ ሙከራ ይፈልጋል።

በእግር ኳስም እንዲሁ ነው። አንድ አጥቂ በጨዋታ በአማካይ 3 ጊዜ ወደ ጎል የሚሞክር ከሆነ፣ በ4 ጨዋታ 12 ሙከራ እንጠብቃለን። በቅድሙ ስሌት፣ 2 ጎል በምንጠብቅበት ቆጠራ የአጋጣሚው መዋዠቅ ከአማካዩ 71 በመቶ ያህል ነው፤ በ12 ሙከራ ቆጠራ ግን ወደ 29 በመቶ ይወርዳል። ወደ ሙከራ ቦታ ስንት ጊዜ ደረሰ? በጫና ውስጥ ኳስ ሲቀበል ስንቴ አዳነ? በ80ኛው ደቂቃ የሚሮጠው ፍጥነት ከ10ኛው ደቂቃ በምን ያህል ቀነሰ? ይህን ለመመዝገብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ሁለት ትጉ ተማሪዎች ይበቃሉ። አሰልጣኙም ከጨዋታው በፊት የሚፈልገውን በጽሑፍ ቢያስቀምጥ፣ በመጨረሻ ደቂቃ በገባች ውብ ጎል ከመታለል ይድናል።

መዝገብ የሌለው ልጅ

ልደምድም። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል በማስቆጠር፣ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ያስመዘገበውን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። እንዲህ ያለ ተጫዋች በሁለት የአቋም መለኪያ ጨዋታዎች ጎል ሳያስቆጥር ቢወጣ ማንም አይደነግጥም፤ መዝገቡ ይናገርለታል። ለሙከራ የመጣው የ18 ዓመት ልጅ ግን የሚናገርለት የለውም። በሰፈር ውድድር ያስቆጠረውን የጻፈለት ሰው የለም። የትምህርት ቤቱ ጨዋታ ሲያልቅ ቁጥሩም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ ለታዋቂው ተራ መዋዠቅ የሆነው ነገር፣ ለእርሱ የመጨረሻ ፍርድ ይሆናል።

ይህን ማስተካከል የአሰልጣኞች ብቻ ሥራ አይደለም፤ የእኛም ሥራ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የስታትስቲክስ፣ የስፖርት ሳይንስና የኮምፒውተር ተማሪዎች ተቀምጣችኋል። የመመረቂያ ጥናት ርእስ ለምትፈልጉ፣ በዚህ አካባቢ የሚካሄድ አንድ የታዳጊዎች ውድድር መርጣችሁ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍጻሜው መዝግቡ። ማን ተሰለፈ፣ ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ስንት ጊዜ ሞከረ፣ በምን ዓይነት ሜዳ፣ ከማን ጋር። በሚቀጥለው ዓመትም ደግማችሁ መዝግቡ። ያ ደብተር ለአንድ ልጅ የሙከራ ቀን ሲደርስ፣ ከ90 ደቂቃው ጎን የሚቀመጥ ሁለተኛ ምስክር ይሆነዋል።