የሀጊያ ሶፊያ ጉልላት ምን ይዞት ቆመ?

ኢስታንቡል የሄደ ሰው ሀጊያ ሶፊያን ሳያይ አይመለስም። ብዙዎች ግን ቀና ብለው የጣሪያውን ውበት ፎቶ ያነሱና ይወጣሉ። እስቲ ዛሬ እንደ መሐንዲስ እንየው። ስፋቱ 31 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጫፉ ከወለሉ 55 ሜትር ያህል የሚርቅ የጡብ ጉልላት ምን ይዞት ነው የቆመው?

ለመረዳት ቀላል ሙከራ እንሥራ። አንድ መጽሐፍ ገለጥ አድርጋችሁ እንደ ጎጆ ጣሪያ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ጀርባውን ወደ ታች ስትጫኑት ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ አይደል? ጉልላትም እንደዚያው ነው፤ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። መጽሐፉን ይበልጥ ከከፈታችሁትና ዝቅ ካለ ደግሞ የጎን ግፊቱ ይብሳል።

የሀጊያ ሶፊያ ችግርም ይኸው ነበር። አንቴሚዮስና ኢሲዶሮስ የተባሉ ሁለት የጂኦሜትሪ ሊቃውንት ከ532 እስከ 537 (እ.ኤ.አ.) ሲገነቡት፣ ክቡን ጉልላት በአራት ትልልቅ ቅስቶች ላይ አስቀመጡት። በቅስቶቹ መካከል ያሉትን ማዕዘኖች ጎበጥ ባሉ ሦስት ማዕዘን ግንቦች ሞሉ። በምሥራቅና በምዕራብ ግማሽ ጉልላቶች ግፊቱን ይቀበላሉ። በሰሜንና በደቡብ ግን እንዲህ ያለ ደጋፊ የለም። የመጀመሪያው ጉልላት ደግሞ ዝቅ ያለ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ ካናጋው በኋላ በ558 ተደረመሰ።

ታድያ ምን ተደረገ? የኢሲዶሮስ የወንድም ልጅ፣ እሱም ኢሲዶሮስ የሚባለው፣ አዲሱን ጉልላት 6 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ሠራው። ቁልቁለቱ ሲጨምር የጎን ግፊቱ ቀነሰ። በ562 ሥራው ተጠናቀቀ። ያም ሆኖ በ989 እና በ1346 ከፊሉ እንደገና ወድቋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ታዋቂው የኦቶማን መሐንዲስ ሲናን ከውጭ ግዙፍ የድጋፍ ግንቦች ጨመረበት።

ጉዳዩ ያለቀለት ታሪክ አይደለም። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በማርማራ ባሕር ሥር፣ ትልቅ የመሬት ስንጥቅ ያልፋል፤ ቀጣዩ መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚመጣ ማንም ቀኑን መናገር አይችልም። ስለዚህ ጥገናው ዛሬም አልቆመም።

ድንገት ለመጎብኘት ከታደላችሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት ሕንፃውን ከውጭ ዙሩት። መልከ ጥፉ የሚመስሉትን ወፋፍራም ግንቦች በደንብ እዩዋቸው። ውስጥ ያለው ጉልላት ተንሳፎ የቆመ የሚመስለው እነሱ ስለሚገፉለት ነው።