በኦስሎ ጫካና በኮዬ ፈጬ ሜዳ ስለ መናፈስ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዕረፍት ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ በወንበርና በጠረጴዛ መካከል ተቀምጦ፥ ጧትና ማታም በአውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቆ የሰነበተ የመንግሥት ሠራተኛ፥ እሑድ በደረሰ ጊዜ ሰውነቱን የሚያፍታታው የት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን በኮዬ ፈጬ በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው መልሱ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ቦታ ለመኪና ማቆሚያ፥ ለልብስ ማስጫና ለልጆች ኳስ አልበቃ ብሎ ሦስቱ ሲሻሙበት ይውላሉ። ከዳርቻው ባሻገር ደግሞ ማሳ አለ። ማሳው ግን የገበሬ ነው።

ይህን ጉዳይ ለማስረዳት ወደ ሩቅ አገር፥ ወደ ኖርዌይ ዋና ከተማ ወደ ኦስሎ፥ ለጥቂት ጊዜ እንድትከተሉኝ እለምናለሁ። ኦስሎን የመረጥኩት ስለ ሀብቷ አይደለም፤ በሀብት ልንወዳደራት አንችልም። የመረጥኳት ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊገኝ የሚችል አንድ ነገር ስላላት ነው። (ስለ ኖርዌይ ስናገር የማነሣቸው ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ለስብሰባም ይሁን ለጉብኝት በበረዶው ወራት ኦስሎ የደረሰ እንግዳ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው በከተማው ባቡር ውስጥ በሚያየው ነገር ነው። ሽማግሌውም፥ ተማሪውም፥ ከቢሮ የወጣውም ሠራተኛ ስኪ የሚባለውን ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ እንደ ምርኩዝ አቁመው በባቡሩ ውስጥ ተቀምጠዋል። ባቡሩ ከከተማው መካከል ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣና ፍሮግነርሴተረን በሚባል ጣቢያ ይቆማል። ጣቢያው ከባሕር ወለል በላይ 469 ሜትር ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለምንኖር ለእኛ ይህ ከፍታ ሳቅ ያሰኘን ይሆናል። የዚህ መስመር የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው በ1898 ሲሆን፥ አሁን ወደሚቆምበት ጣቢያ የደረሰው በ1916 ነው። ከዚያ ወዲያ ኖርድማርካ የተባለው ጫካ ይጀምራል። ተሳፋሪው ይወርዳል፥ ስኪውን ከእግሩ ጋር ያያይዛል፥ ይሄዳል። የመግቢያ ትኬት የሚጠይቀው የለም፤ በር የለም፤ ዘበኛም የለም።

በታኅሣሥ ወር በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ነው። ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ በሚወጣበት ጊዜ ጨለማ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በጫካው ውስጥ በብዙ መንገዶች ዳር የኤሌክትሪክ መብራት ተተክሎላቸዋል፤ ሰውም ራቱን ከመብላቱ በፊት በመብራት ሲንሸራተት ያመሻል። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ሶንስቫን ወደሚባለው ሐይቅ ይሄዳሉ። እዚያም የከተማው ባቡር መጨረሻ ጣቢያ አለ። በሐይቁ ዙሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር በጥቂት የሚበልጥ ጠፍጣፋ መንገድ ተበጅቶ፥ የሚሮጠው ይሮጣል፥ ሕፃን በጋሪ የሚገፋው ይገፋል፥ ብርዱን የሚችል ይዋኛል።

እንግዳ ሰው በዚህ ሰፊ ጫካ የማይጠፋው እንዴት ነው ትሉ ይሆናል። በዛፎቹ ላይ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀዩ የበረዶ ወራት መንገድ፥ ሰማያዊው የበጋ የእግር መንገድ ምልክት ነው። ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት መንግሥት ብቻውን ሳይሆን ማኅበሮች ናቸው። የተጓዦቹ ማኅበር የተቋቋመው በ1868፥ የስኪው ማኅበር ደግሞ በ1883 ነው። አባሎች መዋጮ ያዋጣሉ፤ አንዳንዶቹም በዕረፍት ቀናቸው ቀለምና ብሩሽ ይዘው ይወጣሉ።

ይሁን እንጂ የነገሩ ሥር ቀለሙም ባቡሩም አይደለም፤ ሕጉ ነው። በ1957 የወጣው የኖርዌይ ሕግ መሬትን በሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው የቤት ግቢና የታረሰ መሬት፥ ሁለተኛው ጫካው፥ ተራራውና ያልታረሰው ምድር። በሁለተኛው ላይ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ሰው ሁሉ ፈቃድ ሳይጠይቅ በእግሩ ማለፍ ይችላል። ድንኳንም ሊተክል ይችላል፤ ሰው ከሚኖርበት ቤት ግን 150 ሜትር መራቅ አለበት። በታረሰው መሬት ላይ መሄድ የተከለከለ ነው። ነገር ግን ምድሩ በውርጭ ሲደርቅ ወይም በረዶ ሲሸፍነው፥ ዘርም በማይጎዳበት ጊዜ፥ በእርሻው ላይ እንኳ እንዲያልፉ ተፈቅዷል። ከሚያዝያ 30 እስከ ጥቅምት 14 ባለው ጊዜ ግን ይህ ፈቃድ አይሠራም፤ ማሳው የባለቤቱ ብቻ ይሆናል። በ2009 ደግሞ በኦስሎ ዙሪያ ያለው ጫካ ራሱን የቻለ ሕግ ወጥቶለት ወሰኑ ታውቋል፤ ከወሰኑ ወዲያ ቤት መሥራት በመሠረቱ ክልክል ነው።

ይህን ሕግ ሳነብ የታሰበኝ የገዛ አገራችን ልማድ ነው። በብዙ የደጋ አገራችን አዝመራው ታጭዶ ነዶው ወደ አውድማ ከገባ በኋላ፥ ማሳው እስከሚቀጥለው እርሻ ድረስ ለጎረቤት ከብት ክፍት ይሆን ነበር፤ ዛሬም በየቦታው እንዲሁ ነው። የገና ጨዋታም በዚሁ ወራት የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሩሯን በገና ዱላ እየመቱ ለማባረር የሚበቃ ሰፊ ሜዳ የሚገኘው ሰብሉ በተነሣ ጊዜ ነውና። እነርሱ በረዶን ይጠብቃሉ፤ እኛ አጨዳን እንጠብቅ ነበር። ልዩነቱ የእነርሱ ልማድ በሕግ መጻፉ፥ የእኛው ግን ከተማ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

ወደ ኮዬ ፈጬ ልመለስ። ይህ ሠፈር ያለበት የአቃቂ ሜዳ ለሩጫ ሰው እንግዳ አይደለም። የአገራችን የረጅም ርቀት ሯጮች ልምምዳቸውን በከፍታ ያከፋፍላሉ። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው በእንጦጦ ላይ ቀስ ብለው ለረጅም ጊዜ ይሮጣሉ። ፈጣን ሩጫ ሲያምራቸው ግን ዝቅ ወደሚለው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዝቅታ አየሩ ወፈር ስለሚል ሳንባ የበለጠ ኦክስጅን ያገኛል፥ እግርም በፍጥነት ሊሄድ ይችላል። ሜዳው ጠፍጣፋ ነው፤ የአፈር መንገዱም እንደ አስፋልት ጉልበትን አይመታም። ይህን ለመማር ከውጭ አገር የሚመጡ ሯጮች አሉ። ከሰሜን አውሮፓ ጋር ያለን የሩጫ ዝምድናም የቆየ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። በዚያችው በኦስሎ ከተማ፥ ቢስሌት በተባለው ስታዲየም፥ መሠረት ደፋር በ1999 ዓ.ም.፥ ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ዓ.ም. የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብረዋል። የጥሩነሽ ሰዓት 14 ደቂቃ ከ11.15 ሴኮንድ ነበረ።

ታዲያ ሜዳው እየጠበበ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዳማ ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ ለመኪና እጅግ ጠቃሚ ነው፥ እግረኛ ግን አይገባበትም። ቤቱም፥ ፋብሪካውም፥ መጋዘኑም ያስፈልጉናል፤ እንዳይሠሩ የሚል የለም። ሆኖም አንዱ አጥር ከሌላው አጥር ጋር ሲገናኝ በመካከላቸው የሰው መተላለፊያ ይቀር እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። በእንጦጦ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው መናፈሻ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ እዚያ ለመድረስ ስንት ታክሲ መለዋወጥ እንደሚያስፈልግ ነዋሪው ያውቀዋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና ከአንዳንድ መንገዶች ላይ እየተከለከለ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበትና ስፖርት የሚሠራበት እሑድም የተለመደው በዋና ዋናዎቹ አደባባዮች ነው።

በዚህ ላይ መሸፈን የማይገባው እውነት አለ። እኛ የምንኖርበት የኮዬ ፈጬ መሬት ከቤቱ በፊት እርሻ ነበረ። በ2011 ዓ.ም. የካቲት ዕጣው በወጣ ጊዜም በመሬቱ ምክንያት ስንት ተቃውሞ እንደ ተነሣ የምናስታውሰው ነው። ስለዚህ የቀረውን ማሳ «ክፍት ሜዳ» ብሎ መጥራት ለከተማ ሰው ይቀለዋል፤ ለገበሬው ግን ሜዳ አይደለም፥ እንጀራው ነው። በተለይ መጠንቀቅ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ጤፉ ታጭዶ ምድሩ የተለቀቀ ሲመስል፥ በመረሬው እርጥበት የበቀለው ሽምብራ ከጎኑ ገና አረንጓዴ ነው። ብዙ ጨዋ የመሥሪያ ቤት ሰው፥ በከተማ የሰው ብርጭቆ እንኳ ሳያስፈቅድ የማያነሣ፥ እሑድ ከልጆቹ ጋር ሲያልፍ የሽምብራ እሸት እየነቀለ ሲሄድ አይቻለሁ። አንድ እፍኝ ምን ይጎዳል ይላል። ሕንፃዎቹ ብዙ ናቸው፤ እፍኙም እንዲሁ።

ስለዚህ በአካባቢያችን ለመንሸራሸር የሚወጣ ሰው በማሳው መካከል ሳይሆን በወሰኑ ላይና ከብት በሚሄድበት መንገድ ይሂድ። በክረምት ከመረሬው ይራቅ፤ ጫማውን ከመንከሱም በላይ በጭቃ የተረገጠ ማሳ ለገበሬው ጉዳት ነው። ገበሬውን ባገኘ ጊዜ «አካም ቡልታን» ብሎ ሰላምታ ይስጥ፤ የማለፊያውን መንገድም ይጠይቅ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ያለው ጊዜ ለሩጫ ከሁሉ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩም አቧራውም ይበረታል።

ለሠፈራችን የሚያስፈልገው መንገድ ስፋቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ፥ ርዝመቱም እንደ ሶንስቫን 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ይህን ያህል መንገድ ዝግ ብሎ የሚሄድ ሰው በአርባ አምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ቦታው መታወቅ ያለበት ቀሪው መሬት ተሸንሽኖ ከመታጠሩ በፊት፥ ከገበሬዎቹ ጋር በመስማማትና በወረዳው ፕላን ላይ በማስፈር ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በየመቶ ሜትሩ ድንጋይ አቁሞ ቀለም መቀባት ብቻ ነው፤ ለዚህም የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር አንድ ወይም ሁለት ቆርቆሮ ቀለም መግዛት አያቅተውም።