ሰው ሠራሽ ዝንብ በጥቂት ወጪ

ዓሣ የሚጠመድበት ዘዴ ብዙ ነው። በመረብ የሚያጠምድ አለ፤ በቅርጫት የሚያጠምድ አለ፤ በመንጠቆ ላይ ትል ወይም ሊጥ ሰክቶ የሚያጠምድም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ለየት የሚለው በመንጠቆው ላይ የሚበላ ነገር ሳያኖር ላባና ክር ብቻ ጠምጥሞ ዓሣን የሚያታልለው አጥማጅ ነው። ይህ አጥማጅ ላባውን፣ ጸጉሩንና ሱፉን በመንጠቆው አገዳ ላይ በክር እያሰረ፣ በውሃ ላይ የሚያርፍ በራሪ ነፍሳት፣ ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ዕጭ ወይም የሚሸሽ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ነገር ይሠራል። የተሠራው ነገር ዝንብን ቢመስልም ባይመስልም በባለሙያዎቹ ዘንድ ስሙ «ዝንብ» ነው፤ ሥራውም «ዝንብ ማሰር» ይባላል። በመንጠቆው አንገት ላይ የእርሳስ እንክብል ያለውና በውሃ ውስጥ እየዘለለ እንዲሄድ የተሠራው ከባዱ ዓይነት ደግሞ «ጂግ» ይባላል።

ሙያው ጥንታዊ ነው። በሮም ግዛት ይኖር የነበረው ኤልያኖስ እ.ኤ.አ. በ200 ዓ.ም. ገደማ ስለ እንስሳት ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ፣ የመቄዶንያ ሰዎች አስትራዮስ በሚባል ወንዝ ላይ እንዴት ያጠምዱ እንደ ነበር ይነግረናል። በመንጠቆው ላይ ቀይ ሱፍ ይጠመጥማሉ፤ በሱፉም ላይ በአውራ ዶሮ ጉንጭ ሥር ከሚንጠለጠለው ቀይ ሥጋ በታች የሚበቅሉ፣ ሰም የመሰሉ ሁለት ላባዎችን ያስራሉ። እ.ኤ.አ. በ1496 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የታተመው የማጥመድ መመሪያም 12 የዝንብ ዓይነቶችን ከነአሠራራቸው ይዘረዝራል። ይኸው መመሪያ መንጠቆውን እንኳ ከልብስ መርፌ፣ በእሳት አግሎና ቆልምሞ መሥራት እንደሚቻል ያስተምራል። በግ፣ አውራ ዶሮና መርፌ! አንባቢው እንደሚያስተውለው፣ ከእነዚህ መካከል በአንድ ገበሬ ቤት የማይገኝ ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ከጊዜ በኋላ ሙያው የባለጸጎች መዝናኛ እየሆነ ሲሄድ ዕቃውም ተወደደ። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ባለሙያዎች ለሳልሞን ዓሣ የሚያስሩትን ዝንብ ከሩቅ አገር በሚመጡ ብርቅ አዕዋፍ ላባ ማስጌጥ ያዙ። የሚያስገርመው፣ ሳልሞን እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ መብላቱን የሚያቆም ዓሣ መሆኑ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ጌጥ ከዓሣው ይልቅ ለሰው ዓይን የታሰበ ነበር ለማለት ይቻላል። የዚህ ዓይነቱ ፍቅር እስከ ወንጀል ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ትሪንግ በተባለ ከተማ ከሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 299 የወፍ ቆዳዎች ተሰርቀዋል። ከቆዳዎቹም አንዳንዶቹ አልፍሬድ ራስል ዎለስ የተባለው የታወቀው የተፈጥሮ ተመራማሪ በ19ኛው መቶ ዓመት በእጁ የሰበሰባቸው ነበሩ። ላባዎቹ የተሸጡት የጥንቱን የሳልሞን ዝንብ ለማሰር ለሚሹ ሰዎች ነው። አያሌ ቆዳዎች ከነመለያ ጽሑፋቸው ስላልተመለሱ ለሳይንስ የነበራቸው ጥቅም ለዘለዓለም ጠፍቷል።

ወደ ሥራው የሚገባ ወጣት እንግዲህ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ውዱ ዕቃ የት ይገኛል?» ብሎ ሳይሆን «ዓሣው የሚያየው ምኑን ነው?» ብሎ ነው። ዓሣው የሚያየው የዝንቡን መጠን፣ ቅርጽና እንቅስቃሴ ነው፤ ቀለሙም እንደ ውሃው ጥራት ይታየዋል። የላባውን ዋጋ ግን አያውቅም። ለዚህ ፍራንክ ሶየር የተባለው እንግሊዛዊ የወንዝ ጠባቂ ጥሩ ምስክር ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ያሳለፈው በዊልትሻየር ክፍለ ሀገር የኤቨንን ወንዝ በመጠበቅ ሲሆን፣ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ዝንቦች አንዱን የሠራው ከሁለት ነገሮች ብቻ ነው፤ እነርሱም ፌዛንት የተባለች ቆቅ መሰል ወፍ የጅራት ላባና ቀጭን የመዳብ ሽቦ ናቸው። ሽቦው እንደ ክር ሆኖ ላባውን ያስራል፤ ክብደት ሆኖም ዝንቡን ወደ ታች ያሰጥማል። ለአንድ ዝንብ የሚያስፈልገው ከላባው ጠርዝ የሚነጨው 4 ያህል ዘለላ ነው። እንግዲህ በአንድ ላባ ላይ 200 ደህና ዘለላ ቢገኝ 50 ዝንብ ይታሰርበታል ማለት ነው።

ይኸው ሰው ለሌላው ዝንቡ ካልሲ የሚጠገንበትን ተራ የሱፍ ክር መርጦ ነበር። የዝንቡ ዝና ከተሰማና ፋብሪካው ያን ክር መሥራቱን ካቆመ በኋላ ግን፣ ያለ ዋጋ ይጣል የነበረው ክር በሰብሳቢዎች መካከል በውድ የሚፈለግ ሆነ! ቀለሙን የሚመስል ሌላ ሱፍ ዓሣውን እንደሚያታልለው እያወቁ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አስቂኝ ያደርገዋል።

በአገራችንም ይህ ሙያ ቦታ አለው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ትራውት የተባለው ዓሣ፣ በወይብ ወንዝና በአካባቢው ባሉ ቀዝቃዛ ውሃዎች ተራብቶ ይኖራል፤ ይህ ዓሣ በመላው ዓለም በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጠመድ ነው። በጣና ሐይቅ ከሚኖሩት ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች መካከል ደግሞ ብዙዎቹ ትናንሽ ዓሦችን አሳድደው የሚበሉ በመሆናቸው፣ ትንሽ ዓሣ መስሎ የሚንቀሳቀስ ጂግ ይስማማቸዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ለውጭ ገበያ የሚላክ ዝንብ በብዛት ከሚታሰርባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ሙያው ለብዙ ሰዎች እንጀራ ሆኗል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንለፍ። ዋናው መሣሪያ መንጠቆውን ጨምቆ የሚይዘው ሞርሳ ነው። (ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ የሚሉትን ቃላት የእጅ ባለሙያዎቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው የራሳቸው ካደረጓቸው ቈይተዋል፤ በጽሑፍም ብንጠቀምባቸው ነውር የለበትም።) ለዝንብ ማሰሪያ ተብሎ የሚሠራው ትንሽ ሞርሳ ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚወደደው ነው። ነገር ግን ጥንት ባለሙያዎች መንጠቆውን በግራ እጃቸው ጣቶች ይዘው በቀኛቸው ያስሩ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። ይህ ለጀማሪ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ አፉ ሲገጥም የሚቆለፍ ፒንሳ ፈልጎ እጀታውን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አጥብቆ ማሰር ወይም በአናጢ ሞርሳ ማስያዝ ይሻላል። መንጠቆው ሳይነቃነቅ ከተያዘ መሣሪያው ሥራውን ፈጽሟል።

ክር መያዣውን ማንም ሰው በራሱ ሊሠራው ይችላል። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ አንድ ቀጭን ሽቦ ወስዶ በ«ለ» ፊደል ቅርጽ ማጠፍ፣ ሁለቱን እግሮች ጫፋቸውን ወደ ውስጥ ቆልምሞ የክሩን ማጠንጠኛ ከግራና ከቀኝ እንዲይዙት ማድረግ፣ በአናቱም ላይ ካለቀ እስክሪብቶ ውስጥ የወጣች የፕላስቲክ ቀሰም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ቈርጦ ማሰር ነው። ክሩ በቀሰሙ ውስጥ አልፎ ይወጣል። መያዣው እንደ እንዝርት በክብደቱ ተንጠልጥሎ ክሩን ስለሚወጥረው፣ አሳሪው እጁን ቢያነሳም የታሰረው አይፈታም። ቀሰሙ የብረት ከሆነ ግን ጠርዙ ክሩን እንዳይበጥሰው በአሸዋ ወረቀት መለስለስ አለበት። የመንጠቆውን ዓይን ከሙጫ ለማጽዳትና የታሰረውን ሱፍ ለመበተን ከወስፌ የተሻለ መሣሪያ ገና አልተፈለሰፈም። ላባን ይዞ ለመጠምጠም ትንሽ የጸጉር መቈንጠጫ ይበቃል።

ሁለት ነገሮች ላይ ግን መቈጠብ ኪሳራ ነው። አንዱ መቀስ ነው፤ ጫፉ ቀጭንና ስለታም ካልሆነ ላባውን ያኝካል እንጂ አይቈርጠውም። መቀሱ ተገዝቶ ሲመጣም ለክርና ለላባ ብቻ ይቀመጥ፤ ሽቦ በሌላ አሮጌ መቀስ ወይም በፒንሳ ይቈረጥ። ሁለተኛው መንጠቆው ራሱ ነው። ርካሽ መንጠቆ አንዳንዱ ለስላሳ ሆኖ ዓሣው ሲጐትተው ይቃናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከመጠን በላይ ደረቅ ሆኖ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ብዙ ከመግዛት በፊት አንዱን በሞርሳ አስይዞ አገዳውን በጣት ገፋ ማድረግ ነው፤ ጥሩ መንጠቆ ትንሽ ይለመጥና ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለቱን ለማወቅ ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ መጐተት ነው፤ ተንሸራቶ ካለፈ ዶልዷማ ነው፤ ጥፍሩን ይዞ ከቆመ ስለታም ነው። አንድ መቶ የያዘውን ሣጥን ከጓደኛ ጋር አዋጥቶ መግዛት፣ በጥቂት በጥቂቱ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ከጥሬ ዕቃዎች ሁሉ የበለጸገው ምንጭ ዶሮ ነው። የአውራ ዶሮ የአንገትና የወገብ ላባ ዘለላው ጠንካራና አንጸባራቂ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይጠጣም፤ በመንጠቆው ዙሪያ ሲጠመጠም እንደ እግር ቆሞ ዝንቡን በውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል። የሴቷ ዶሮ ላባ ለስላሳ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፤ ይሰጥማል፤ በውሃው ውስጥ ግን ሕይወት እንዳለው ነገር ይርገበገባል። ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው የሙያውን እኩሌታ አወቀ። በበዓል ዋዜማ በየቤቱ የሚጣለው ላባ ለአንድ ዓመት ሥራ ይበቃል፤ ነገር ግን ዶሮው በፈላ ውሃ ከመነከሩ በፊት የሚፈለገው ላባ አስቀድሞ መነቀል አለበት፤ አለዚያ ከደምና ከቆሻሻ ጋር ተድበልብሎ ይበላሻል። የተነቀለው ላባ በሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ ከናፍታሊን ጋር በተከደነ ቈርቈሮ ውስጥም ይቀመጣል። ብል አንድ ጊዜ ከገባበት በአንድ ወር ውስጥ ዱቄት ያደርገዋል።

በላባው ሥር ያለው ጥጥ የመሰለው ክፍል ተንቆ መጣል የለበትም፤ ለጂግ ጅራት እጅግ ተስማሚ ነው። በዓለም ገበያ «ማራቡ» እየተባለ የሚሸጠው ለስላሳ ላባ ስሙን ያገኘው ከማራቡ ወፍ፣ ማለትም ከእኛው አባ ኮዳ ነው፤ ጥንት ከእርሱ ይወሰድ ነበርና። ዛሬ ግን በዚያ ስም የሚሸጠው የቱርክ ዶሮ ላባ ነው። ስለዚህ ለላባ ሲባል የዱር ወፍ መግደል ሕግን መተላለፍ ብቻ ሳይሆን ትርፍ የሌለው ድካምም ነው።

የቀረው ከልብስ ሰፊና ከሸማኔ ሠፈር ይገኛል። ልብስ ሰፊዎች ኦቨርሎክ በሚሉት መኪና ላይ የሚገባው ክር ከተራው የስፌት ክር ስለሚቀጥን በመንጠቆው ላይ አያብጥም፤ እንደ ጥጥም በውሃ አይበሰብስም። በትንሽ ሰም ከታሸ ላባውን አጥብቆ ይይዛል። ለዝንቡ አካል ከአሮጌ ሹራብ የተተረተረ ሱፍ ይበቃል። ለብልጭታው እንደ ሽሮ ሜዳ ባለ የሸማኔዎች ሠፈር የሚገኝ የጥለት ክር ወይም የወርቀ ዘቦ ቍራጭ አለ። ለትልልቅ ዝንቦች ክንፍ የፍየል ጸጉር፣ የበሬ ጭራ ወይም ሴቶች ለሹሩባ የሚቀጥሉት ሰው ሠራሽ ጸጉር ያገለግላል። የመዳብ ሽቦው ከተቃጠለ ሞተር ወይም ትራንስፎርመር ውስጥ ይፈታል። ነጭ ላባ ሌላ ቀለም ቢያስፈልገው በሽንኩርት ልጣጭ፣ በሻይ ወይም በቡና ውሃ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ ጨምሮ መንከር ነው። የመጨረሻው ቋጠሮ በጥፍር ቀለም ይለበጣል፤ ቀለም አልባው ዓይነት ይመረጣል።

ስለ ጂግ ሲነገር ግን ርካሽነትን ከአደጋ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የጂግ ራስ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከእርሳስ ነው፤ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በማንኛውም ምድጃ ላይ ሊቀልጥ ይችላል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እርሳስ መርዝ ነው፤ ብናኙና ጢሱ በትንፋሽ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። በቀለጠው ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ብትወድቅ ውሃው በቅጽበት ተንኖ የጋለውን ማዕድን ወደ ፊት ይረጨዋል። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የሚወጣው እርሳስ ደግሞ አሲድና ሌሎች መርዞች ስላሉበት ከሁሉ የከፋ ነው፤ በፍጹም መነካት የለበትም። ጉዳቱ በሰው ላይም አይቆምም፤ በእንግሊዝ አገር አጥማጆች የጣሉትን የእርሳስ እንክብል እየዋጡ የውሃ ወፎች በብዛት በመሞታቸው፣ ከ28 ግራም ገደማ በታች ያለው አብዛኛው የእርሳስ ክብደት እ.ኤ.አ. ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለማጥመጃ እንዳይሸጥ ተከልክሏል።

ስለዚህ ተማሪው ምንም ሳያቀልጥ ጂግ ቢሠራ ይመረጣል። ቀዳዳ ያለው የናስ ዶቃ በመንጠቆው ጫፍ በኩል አስገብቶ እስከ ዓይኑ መግፋትና ከኋላው ክር ጠምጥሞ ማቆም ይቻላል። የመንጠቆው ተመላሽ ጥርስ ዶቃውን አላሳልፍ ካለ በፒንሳ ተጨፍልቆ ይተኛል። ዶቃ ከሌለ የመዳብ ሽቦውን በአንገቱ ላይ ደራርቦ መጠምጠም ነው። ክብደቱ ከአገዳው በላይ በኩል ከሆነ መንጠቆው በውሃ ውስጥ ተገልብጦ ጫፉ ወደ ላይ ያያል፤ ከሥር ባለው ድንጋይና ቄጤማም ቶሎ አይያዝም። ይህን ለማረጋገጥ ወንዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የተጠናቀቀውን ጂግ በክር አንጠልጥሎ ውሃ በሞላ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ መልቀቅና ከጐን ማየት ይበቃል። በጐኑ የሚተኛ ከሆነ ክሩ ይፈታና ክብደቱ እንደገና ይታሰራል፤ መንጠቆውና ላባው ለሁለተኛው ሙከራ ያገለግላሉ።