ቈረጠ፤ የአንድ ግስ ዳሰሳ

እንግሊዞች «ካት» በምትባል አንዲት አጭር ቃል ጠጕርንም ሥጋንም፣ ሣርንም ጨርቅንም ይቈርጡባታል፤ ከዚያም አልፈው የዋጋን ቅናሽና የፊልም አዘጋጅ ቀረጻውን የሚያስቆምበትን ትእዛዝ በዚያችው ቃል ይጠራሉ። አማርኛ ግን ባለጠግነቱን በሌላ መንገድ ይገልጻል፤ ይኸውም እጅ የሚሠራውን መቍረጥ እንደ ነገሩ ጠባይና እንደ ስለቱ ዓይነት ለብዙ ግሶች አከፋፍሎ፣ ልብ የሚሠራውን መቍረጥ ለ«ቈረጠ» ብቻ አውርሶታል።

አስቀድመን የእጁን እንይ። በግ ይሸለታል፤ ጢም ይላጫል፤ እንጨት ይፈለጣል፤ አዝመራ ይታጨዳል፤ ያረጀ የቡና ዛፍ ይጐነደላል። በፋሲካ የታረደው በሬም ቢላዋ በነካው ቍጥር ግስ ይለዋወጥበታል፤ ባለሙያው በየመገጣጠሚያው ሲለየው በለተው ይባላል፤ ለቋንጣ የሚሆነው ይዘለዘላል፣ ለጥብስ የሚሆነው ይመተራል፣ ለክትፎ የሚሆነው ይከተፋል፤ «ቍርጥ» የሚለው ስም የቀረለት በጥሬው ለሚበላው ነው። ተባርኮ ለማዕድ የሚቀርበው ዳቦ ደግሞ ይቈረሳል፤ የጠዋቱ ምግብ ቍርስ መባሉም ከዚሁ ነው።

ድንጋይ ሲሆን ግሱ ወቀረ ነው። ባልቴት የዶለዶመ ወፍጮዋን የምትወቅርበት ቃልና ከአለት የተፈለፈሉት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» የተባሉበት ስም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በእንጨት መስቀል ላይ ሐረግ የሚያወጣ ጠቢብ ግን ይቀርጻል፤ ተማሪም እርሳሱን በመቅረጫ ይቀርጻል፤ በኋላም ድምፅ የሚይዘው ባዕድ መሣሪያ ሲመጣ ድምፅ እንደ እንጨቱ ተቀረጸ ተባለ። በሸክላው ላይ ድምፁ በእውነት በመርፌ ተፍቆ ይሰፍር ነበርና፣ ስያሜው ለነገሩ የታመነ ነው።

ወደ ልብ መቍረጥ ስንሻገር ግን «ልቤ ከተፈ» ወይም «ተስፋዬን ሸለትሁ» የሚል ሰው አይሰማም፤ በዚህ አገር ቈረጠ ብቻውን ይነግሣል። ትርጓሜውም፣ የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም፣ አንድም» እያሉ እንደሚያራቅቁት፣ ብዙ ነው። አንድም ወሰነ ማለት ነው፤ ሽማግሎች የሠርግ ቀን ይቈርጣሉ፣ ነጋዴ ቍርጥ ዋጋ ይናገራል፣ ነገር የተድበሰበሰበትም «ቍርጡን ንገረኝ» ይላል። አንድም ልክ ማለት ነው፤ «ቍርጥ አባቱን» የተባለ ልጅ ከአባቱ መልክ ምንም ያልጐደለው ነው። አንድም አቋረጠ ሲል ተሻገረ ማለት ነው፤ ዐባይን ያቋረጠ መንገደኛ ወንዙን ቈርጦት አለፈ፣ ሰው ሲናገር ጣልቃ የገባም ንግግር አቋረጠ። አንድም ሕመም ነው፤ ሆድን የሚቈርጠው ስለት ባይታይም ቍርጠት ይባላል። አንድም የጦር ዘዴ ነው፤ ከኋላ ገብቶ ጠላትን ከወገኑ የሚለየው ስልት ቈረጣ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ያው ግስ ጽኑውንም ሰው የደከመውንም ሰው መሰየሙ ነው። ለዓላማው የጨከነውን «ቈራጥ» እንለዋለን፤ በዓላማው የተሸነፈውን «ተስፋ ቈረጠ» እንለዋለን። ላይ ላዩን ሲያዩት የሚጣረስ ይመስላል፤ ምሥጢሩን ለመረመረ ግን ሁለቱም ማመንታትን ጨርሰዋል፤ ልዩነቱ ቈራጡ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ገመድ፣ ተስፋ የቈረጠው ደግሞ ወደ ፊት የሚስበውን ገመድ መበጠሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አማርኛ መቍረጥን በራሱ በጎ ወይም ክፉ አላለውም፤ ፍርዱን ለተቈረጠው ነገር ትቶታል።

ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች «ዲሳይድ» የሚሉት የመወሰን ቃል ከላቲን የወረሱት ሲሆን መነሻው መቍረጥ ነው። በዕብራይስጥም «ጋዛር» መቍረጥም ፍርድ መደንገግም ይሆናል፤ የግእዙ ገዘረ የዚህ ወንድም ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን የጌታን ግዝረት ስታከብር የምትጠራው ስም ከዚህ ሥር የበቀለ ነው። ይልቁንም ዕብራውያን ኪዳን መግባትን «ኪዳን መቍረጥ» ይሉታል፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 15 አብርሃም እንስሳቱን ለሁለት ከፍሎ ባስቀመጠበት ዕለት እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ኪዳን «ቈረጠ» ተብሎ ተጽፏል። ለካ ስለት የሚለየውን ያህል ያስተሳስራልም።

ይህንም ለማየት እስከ ከነዓን መሄድ አያሻም። ሽማግሎች ከሙሽሪት አባት ደጅ ተመላልሰው ቀኑን በቈረጡ ጊዜ፣ ቀኑም ደርሶ ዳሱ ተጥሎ ቍርጡ በቀረበ ጊዜ፣ የተቈረጠው ቀንም የተቈረጠው ሥጋም ሁለት ቤት ይገጠም ዘንድ ነው።